ቅድመ አያቴ ማን ነበር? የቤተሰብና የትውልድ ቦታ ታሪክ ፍለጋ ከየት ተነስቶ የት የት ይኬዳል

እኛ ቤት «ቅድመ አያታችሁ ዓድዋ ዘምቷል» እየተባለ ነው ያደግነው፣ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አጎቴ ይሄን ሳያነሳ ቡና አይጠጣም። እኔም ሳልጠይቅ አምኜ ኖሬ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ዓመቶቹን ስደማምር ሰውዬው በዓድዋ ጊዜ ቢበዛ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ አገኘሁት። የዋሸ ሰው የለም፣ የዘመተው የሱ አባት ነው፣ በአፍ ሲተላለፍ መሀል ላይ አንድ ትውልድ ተውጦ ነው። ይሄንን የነገሩኝ ደግሞ መዝገብ ቤት አይደለም፣ እማማ የምንላቸው የአያቴ ታናሽ እህት ናቸው።

ብዙ ሰው ፍለጋውን ከኢንተርኔት ይጀምርና ሁለት ሰዓት ጎግል አድርጎ ምንም ሲያጣ ይተወዋል። የኛ አገር ነገር ተገላቢጦሽ ነው፣ መጀመሪያ አፍ፣ ቀጥሎ ሳጥን ውስጥ ያለ ወረቀት፣ ከዛ ደብርና እድር፣ ከዛ ቤተ መጻሕፍት፣ ኢንተርኔት መጨረሻ። እኔ የሄድኩበትን መንገድ ከነስህተቴ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

1. ሽማግሌዎቹን አሁኑኑ ያዙ

በዘመድ ውስጥ በዕድሜ ትልቁ ማነው? ለሱ ወይ ለሷ ዛሬ ደውሉ። ወረቀቱ እዛው ሳጥን ውስጥ ይጠብቃችኋል፣ ሰው ግን አይጠብቅም።

ስትሄዱ ባዶ እጅ አትሂዱ፣ ቡናም ስኳርም ይያዝ፣ ከዛ በላይ ግን አሮጌ ፎቶ ያዙ። ሰው «እስቲ ታሪክ ንገሩኝ» ሲባል ይደነግጥና «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ይላል፣ ፎቶ ስታሳዩት ግን «ይቺ እኮ እንትና ናት፣ አጠገቧ ያለው ባሏ ነው፣ ኋላ ተፋቱ» እያለ ራሱ ይፈታዋል። በአቦል ላይ ጥያቄ አትደርድሩ፣ ቶና ላይ ሲደረስ ወሬው ይሞቃል።

ድምፅ ቅዱ፣ ግን አስፈቅዳችሁ። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ስልኬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ ሁለት ሰዓት ቀድቼ ቤት ገብቼ ባዳምጥ የሲኒ ኳኳታ ብቻ፣ ንግግሩ ከስር ነው የሚሰማው፣ ያቺን የመሰለች ጨዋታ ግማሿ ጠፋች። ስልኩን ከተናጋሪው አጠገብ ትራስ ላይ አድርጉት፣ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን፣ እንደጨረሳችሁ እዛው በሩ ላይ ሆናችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት።

ጥያቄው ላይ ብልሃት አለው። «መቼ ተወለዱ?» ብትሉ መልስ የለም፣ ወይ መታወቂያ ላይ የተገመተውን ይነግሯችኋል። «ጣሊያን ሲገባ ምን ያህል ነበሩ?» በሉ። እማማ ለዚህ የመለሱልኝ «ሲገባ ጡት ጥያለሁ፣ ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ብለው ነው። ጣሊያን የገባው 1928፣ የወጣው 1933፣ እንግዲህ 1925 ወይ 1926 ገደማ ነው የተወለዱት ማለት ነው፣ ከየትኛውም መታወቂያ የተሻለ መረጃ። ስለ አባታቸው ስጠይቅ ደግሞ «በክፉ ቀን የተወለደ ነው ሲባል እሰማ ነበር» አሉ፣ ክፉ ቀን ማለት ከ1880 እስከ 1884 የነበረው ትልቁ ረሀብ ነው፣ የአጎቴ የዓድዋ ታሪክ የፈረሰው እዚች ላይ ነው። «የዘመተውማ የሱ አባት ነው፣ ማን ነው ይሄን ያምታታባችሁ?» ብለው ሳቁብኝ።

ሌሎች መጠየቅ ያለባቸው፦ እናትየው ስንት ወለዱ፣ ያደጉትን ብቻ ሳይሆን የሞቱትንም። ሰርጉ የት ነበር፣ ሚዜ ማን ነበር፣ ክርስትና ያነሳ ማነው። አገራቸው የት ነው ስትሉ የወረዳ ስም አትፈልጉ፣ «ደብሩ የትኛው ነው? ገበያ የምትወጡት የት ነበር፣ በምን ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ወረዳ ሲቀያየር ታቦቱና ገበያው ቦታቸውን ብዙም አይለቁም። ሁለት ሽማግሌ አንድ ላይ ካገኛችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው «ኧረ አይደለም!» እያለ ያርመዋል፣ ጭቅጭቁን አታብርዱት።

ዘር መቁጠር የሚችል ሰው ፈልጉ። ለጋብቻ ተብሎ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የብዙ ሰው ልማድ ነው፣ ሶማሌ አብቲርሲ ብሎ ገና በልጅነት ነው የሚያስጠናው፣ ጎጃምና ጎንደር ላይ ደግሞ ርስት ለመጠየቅ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልድህን መቁጠር ግዴታ ስለነበረ የዘር ቆጠራ ሊቅ የሆኑ ሽማግሌዎች ነበሩ። ርስት በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ከቀረ በኋላ ግን ማን ያጠናዋል፣ ስለዚህ ያንን ያጠና ሰው ዛሬ ዕድሜው የት እንደደረሰ አስሉት።

አንድ ጥንቃቄ፦ ዝም የሚባልባቸው ነገሮች አሉ። ባርነት፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በቀይ ሽብር የተወሰደ ወንድም። ሰው ፊቱ ሲቀየር ካያችሁ መቅጃውን አጥፉና ሌላ ጨዋታ አምጡ፣ ሲፈልጉ ራሳቸው ይመለሱበታል።

2. ዘመኑን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተቀመጡ፣ ሁሉም ነገር የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። አንድ ደብተር ላይ ማስመሪያ የሚሆኑ ክስተቶችን ጻፉ፦ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፣ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ ድርቁ 1977። ከዛ የአካባቢውን ጨምሩበት፣ አንበጣ የመጣበት፣ ቤተክርስቲያኑ የተሠራበት፣ እገሌ ደጃዝማች አገሩን የገዙበት። ማንም ሰው ታሪክ ሲነግራችሁ ከነዚህ በፊት ነው በኋላ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ በቃ።

«በዘመነ ሉቃስ ነው» ካሏችሁ ደስ ይበላችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉት፣ ቀሪ አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። ስለዚህ «ጣሊያን በወጣ ቅርብ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ» ማለት 1935 ነው፣ ካልሆነ 1939። ቀኑንም በበዓል ነው የሚነግሯችሁ፣ «በሚካኤል ማግስት» ካሉ 13 ነው፣ «ለጊዮርጊስ ዋዜማ» ካሉ 22። ወሩን ብቻ አስታውሱ በሏቸው።

የፈረንጅ ሰነድ ጋር ስታገናኙ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት ትጨምራላችሁ፣ ከዛ በኋላ 8። ዓድዋ 1888 በነሱ 1896 ነው፣ ሰገሌ 1909 ደግሞ 1916። ሁሌ ስምንት የሚጨምር ሰው ብዙ ነው፣ በዛ ምክንያት አንድ ሰው ሁለት የተለያየ የሞት ዓመት ይኖረዋል። እና ደግሞ መታወቂያና ፓስፖርት ላይ «መስከረም 1» ወይ «ጃንዋሪ 1» የሚል ልደት ስታዩ ግምት ነው ብላችሁ ያዙት፣ በተለይ ውጭ አገር በስደት የገቡ ዘመዶቻችሁ ላይ።

3. ስሙን በየመልኩ ጻፉት

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፣ እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አንድ ሰው የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ወታደር ወይ ባላባት ከሆነ ምንሊክ አባ ዳኘው እንደተባሉት የፈረስ ስም አለው፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ስታገባ አማቷ ያወጡላት ሌላ ስም አላት፣ ያደገችበት ሰፈር የሚያውቃት በአንዱ ባሏ ቤት የሚያውቃት በሌላው። አጎቱ ያሳደገው ልጅ በአጎቱ ስም ይጠራል። ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ ፓስፖርት ላይ ስም የቀየሩም አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡና የተጠራበትን ስም ሁሉ ደርድሩ።

ፊደሉም እንደዛው፣ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትፈልጉ ሀንም ሐንም ኀንም፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እየቀያየራችሁ ሞክሩ፣ ኮምፒውተር ድርቅ ያለ ነው፣ እንደኛ አይረዳም።

4. ሳጥኑን ክፈቱ

ቤት ውስጥ አንድ ማንም የማይነካው ሳጥን ወይ ሻንጣ አለ፣ ከአልጋ ስር ነው ብዙ ጊዜ። እዛ ውስጥ የመሬት ግብርና የአስራት ደረሰኝ፣ ኑዛዜ፣ የውርስ ክፍፍል ውል፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የቀበሌ ሱቅ ካርድ፣ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት፣ ሜዳይ፣ ምናምን ታገኛላችሁ። ውል ካገኛችሁ ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ከታች ያሉትን ምስክሮች አንብቡ፣ ምስክር ሆኖ የሚቆመው ጎረቤትና ዘመድ ነው፣ እኔ የአያቴን ወንድም ስም ያገኘሁት እንደዛ ነው። ፎቶ ካለ ገልብጡት፣ ጀርባው ላይ የእርሳስ ጽሑፍ ወይ የፎቶ ቤቱ ማህተም ይኖራል።

ግዕዝ ቁጥር ልመዱ። ፲፱፻፴፬ ማለት 19 መቶ ከ34፣ 1934። ፮ እና ፯ ደብዘዝ ባለ ቀለም ላይ አንድ ይመስላሉ፣ እኔ አንድ ደረሰኝ አንድ ዓመት አሳስቼ አንብቤ ሁለት ወር ስንከራተት ነበር።

ወረቀቱን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ላሚኔት አታስደርጉ፣ ፕላስተር አትለጥፉ፣ እባካችሁ። ኦሪጅናሉን ለባለቤቱ መልሱና ኮፒውን ውሰዱ፣ ዘመድ የሚጣላው እዚች ጋ ነው።

5. ደብሩ፣ መስጊዱ፣ እድሩ

መንግሥት ልደትና ሞት በአገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው፣ አዋጁ ራሱ የ2004 ነው። ከዛ በፊት ላለው ማዘጋጃ ቤት የሰጠው ወረቀት ካልተገኘ ያላችሁ የክርስትና ካርድ ነው። ከተማ ያሉ ደብሮች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ሊኖራቸው ይችላል፣ ገጠር ላይ ብዙ አትጠብቁ። ገጠር ላይ ያለው ሀብት ሌላ ነው፦ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች። እዛ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ የጉልትና የሪም ስጦታ (ለሹምና ለቤተክርስቲያን ይሰጥ የነበረ የመሬት መብት)፣ ኑዛዜ፣ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል፣ ጎንደር አካባቢ በተለይ በብዛት። ግን በመጀመሪያው ቀን ሄዳችሁ «ብራናውን አሳዩኝ» እንዳትሉ! ሌባ ነው የሚሏችሁ፣ ስንት መጽሐፍ ተሰርቆባቸዋል። የአካባቢውን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስቀድሱ፣ አስተዳዳሪውን አናግሩ፣ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ይሆናል።

የቤተሰቡን የንስሐ አባት አትርሱ። የሞቱትን ሁሉ በክርስትና ስማቸው ነው የሚያውቋቸው፣ ፍትሐትና ተዝካር ላይ የሚጠራው እሱ ስም ስለሆነ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የኒካሕና የውርስ መዝገብ አለ፣ ውርስ ላይ ወራሾች ስለሚዘረዘሩ አንድ ፋይል ሙሉ ቤተሰብ ሊሰጣችሁ ይችላል። የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ አያት ካለ ደግሞ ሚሲዮኖቹ መጻፍ ይወዳሉ፣ ጠይቁ።

ማንም የማያስበው ደግሞ የእድር መዝገብ ነው። አባል መቼ እንደገባ፣ ቤተሰቡ እነማን እንደሆኑ፣ ለማን ሞት ስንት ብር እንደተከፈለ፣ ሁሉም አለ። ጸሐፊው ቤት ነው የሚቀመጠው፣ አንዳንዴም የሞተ ጸሐፊ ቤት።

አዲስ አበባ ከሆነ መጀመሪያ የሰፈሩበትን ሰፈር ጠይቁ። የድሮ ሰፈሮች በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ተከታዮቻቸው እየሰፈሩ ነው የተሠሩት፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ወይ ደግሞ በሥራ፣ ሠራተኛ ሰፈር። የሰፈሩ ስም አያታችሁ የማን ሰው እንደነበረ ይጠቁማል፣ ማረጋገጫ ባይሆንም።

6. ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት

እዚህ ስትደርሱ በእጃችሁ ስም፣ ደብር፣ አውራጃና ግምታዊ ዓመት ሊኖር ይገባል፣ አለዚያ ባሕር ነው።

ወመዘክር በ1936 የተቋቋመው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው፣ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ብራና፣ የመንግሥት መዛግብት አለው። መታወቂያ ያዙ፣ ከትምህርት ቤት ወይ ከመሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ካላችሁ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ጋዜጣ ላይ ጊዜ አጥፉ፣ ብርሃንና ሰላም ከ1917 ጀምሮ፣ አዲስ ዘመን ከግንቦት 1933 ጀምሮ። ዜናውን ዝለሉትና የፍርድ ቤት ጥሪውን፣ የውርስ ማስታወቂያውን፣ የሹመቱን ዝርዝር እዩ፣ ተራ ሰው ስሙ የሚወጣው እዛ ነው።

ስድስት ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ ለኔ አንደኛ ነው። የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው ጽሑፎች አሉ፣ ስለ አንድ ከተማ፣ ስለ አንድ አውራጃ፣ ስለ አንድ ገበያ። ጽሑፉን ከማንበባችሁ በፊት መጨረሻ ገጹን ግለጡ፣ ቃለ መጠይቅ የተደረገላቸው ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና ቦታ ይዘረዘራል። እዛ ዝርዝር ውስጥ የራሳችሁን ዘመድ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እሱ ባይሆን ጎረቤቱ። ስትፈልጉ በዛሬው ዞንና ወረዳ አይሁን፣ በድሮው አውራጃና ጠቅላይ ግዛት ነው። ከተማውም ስሙ ተቀይሮ ይሆናል፣ አዳማ ናዝሬት ነው፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ወሊሶ ጊዮን፣ ጎንደር ክፍለ ሀገር ቤጌምድር።

አያታችሁ ሹመት ከነበረው የኅሩይ ወልደ ሥላሴን የ1915ቱን «የሕይወት ታሪክ» እዩ፣ አጭር አጭር የሰዎች ታሪክ ነው። የድሮ ማዕረግና የመሬት ሥሪት ቃላት ግራ ካጋቧችሁ ደግሞ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» አለ።

ወረዳና ማዘጋጃ ቤት የቤትና የመሬት ፋይል አለ፣ በተለይ ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት የተወረሰበት ቤተሰብ ፋይል አይጠፋለትም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፣ እኔን አንድ ቢሮ ሦስት ቀን «ነገ ና» ሲሉኝ ቆይተው በአራተኛው ቀን ጡረታ ልትወጣ የደረሰች መዝገብ ቤት ሠራተኛ «ቁጥሩን ማን ይፈልጋል፣ ያንን ቁም ሳጥን እኔ ነኝ የደረደርኩት» ብላ በአሥር ደቂቃ አወጣችው። አዲሱን ሲስተም ሳይሆን አሮጌውን ሰው ጠይቁ።

7. ኢንተርኔት

አሁን ኮምፒውተሩን ክፈቱ። ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም ከፈረንጆች 1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ደብሮች የተነሱ የብራና ማይክሮፊልሞችን ይዟል፣ ብዙውን ነፃ አካውንት ከፍታችሁ ኦንላይን ታያላችሁ፣ በደብሩ ስም ፈልጉ። የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራምም የኛ አገር ስካኖች አሉት። ሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል የብራናዎች ዳታቤዝ አለው።

ስለ ቦታ ከሆነ ስዊድን ኡፕሳላ ያለው የኖርዲክ አፍሪካ ተቋም የኢትዮጵያን የቦታ ስሞች በፊደል ተራ ደርድሮ ማን መቼ እንዳለፈበት፣ ምን እንደተሠራበት የሚያሳይ ነፃ ፒዲኤፍ አለው፣ እኔ ትንሽዬ የገበያ ቦታ ሁሉ አግኝቼበታለሁ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ አጻጻፉን አራት አምስት ዓይነት ሞክሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም ኦንላይን አለ፣ ከበቂ በላይ ይንቀራፈፋል፣ ታገሱት።

የጣሊያን ጊዜ ፎቶና ፊልም ሮም ያለው ኢስቲቱቶ ሉቼ ጋ ነው። የባቡር ሠራተኛ አያት ያለው ሰው ደግሞ ድሬዳዋን ይጠይቅ፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆች 1902 አዲስ አበባ በ1917 ነው፣ ወረቀቱ ፈረንሳይኛ ነው፣ የሚያነብ ሰው ያዙ። ዲኤንኤ ምርመራ ውጭ ያሉ ዘመዶች ይጠይቁኛል፣ የሚያገናኛችሁ ሌላውም ዘመድ ከተመረመረ ብቻ ነው፣ የቅድመ አያት ስም ግን አይነግራችሁም፣ ገንዘቡን ለአገር ቤት ትራንስፖርት ብታደርጉት ይሻላል ባይ ነኝ።

8. አስቀምጡት

ለእያንዳንዱ መረጃ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ፣ «እማማ፣ በቡና ላይ» ብትሉም በቂ ነው። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገራችሁ ሁለቱንም ጻፉ፣ አንዱን አትሰርዙ። በሕይወት ያለ ሰው ልደትና አድራሻ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ኮፒው ሦስት ቦታ ይሁን፣ አንዱ ወረቀት።

የኔ ገጽ ላይ እስካሁን ባዶ የሆነው የቅድመ አያቴ እናት ስም ነው። ወንዶቹን እስከ ስድስት ቤት ቆጥረውልኛል፣ የሴቶቹን ስም ግን ጠይቄ የማላውቀውም እኔው ነኝ፣ ዛፉን ስስል ነው የታየኝ። ቅዳሜ እማማ ጋ እሄዳለሁ፣ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ ስልኩንም ከረከቦቱ አርቃለሁ።